«እህቴ ሉፐስ አለባት፤ እኔስ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ታላቅ እህቴ ሉፐስ እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖታል። በቅርቡ ደግሞ ኩላሊቷን ነክቷታል ተባለ። እኔን ምንም አያመኝም። ግን ፈርቼ ስመረመር «ኤ.ኤን.ኤ» የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ 1፡80 ይላል። አንድ ዘመዴ «በዘር ነው፣ አይቀርልሽም» አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የዘረ-መል ምርመራ አድርጊና ይለይልሽ ትላለች። በሚቀጥለው ዓመት ላገባ ነው። ልጅ ብወልድስ? የእህቴ ኩላሊት ለምን ተጎዳ? እኔም እንደሷ እሆናለሁ? እባክዎ ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሉፐስ የመከላከያ ሥርዓታችን ተሳስቶ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው። መጀመሪያ ዘመድሽ ያለችውን እናንሳ። «አይቀርልሽም» ትክክል አይደለም። ይቀራል። እህት ወይም ወንድም ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሉፐስ ሳይዛቸው ይኖራሉ። «በዘር ነው» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው። ሰውን የሚያስጨንቀውም ይሄ ግማሽ ነው። «በዘር» ሲባል እንደ ርስት ከወላጅ ለልጅ የሚወርድ ነገር ይመስለናል። ሉፐስ እንደዚያ አይወርድም። የሚወርደው በሽታው ሳይሆን ዝንባሌው ነው።

ለዚህ ከመንትዮች የተሻለ ምስክር የለም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረ-መላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ነገሩ በዘር ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ አንዷ ስትታመም ሌላዋም ሁልጊዜ መታመም ነበረባት። የሚታየው ግን ሌላ ነው። አንዷ ሉፐስ ካለባት ሌላዋም የምትያዘው ከአራት አንድ፣ ቢበዛ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ከሁለት እንቁላል በተገኙት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 2 እስከ 5 ከመቶ ይወርዳል። አንቺና እህትሽ በዘር ቅርበታችሁ ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ጋር እኩል ናችሁ። ዘር ባይኖርበት ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል አይራራቁም ነበር። ዘር ብቻ ቢሆን ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር መቶ ይሆን ነበር።

ኢንተርኔት ላይ «24 እጥፍ» የሚል ነገር አይተሽ ከሆነ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። የታይዋን ሕዝብ ከሞላ ጎደል በአንድ የጤና መድን ሥር ነው። ተመራማሪዎች የ23 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መዝገብ አገላብጠው ውጤቱን በ2015 አሳተሙ። እህቱ ወይም ወንድሙ ሉፐስ ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ ወደ 24 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በወላጅና በልጅ መካከል ደግሞ ከ11 እስከ 14 እጥፍ ነው። የሚገርመው የባልና ሚስቱ ነው። በሥጋ የማይዛመዱት እነሱም ከ4 እጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። አብሮ መኖር፣ አንድ ዓይነት አየር፣ አንድ ዓይነት ጭስ የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው።

24 እጥፍ ያስፈራል። ግን የምን 24 እጥፍ? በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ቆጠራ ከ100,000 ሴቶች ሉፐስ ያለባቸው 130 ገደማ ናቸው። ለስሌት እንዲመቸን ከሺህ ሴት አንዷ እንበል። ያንን በ24 ብናባዛው ከሺህ 24 ይሆናል። የቀሩት 976 ሴቶች እህታቸው ሉፐስ እያለባት እነሱ አልተያዙም። ስሌቱ ሻካራ ነው፣ ቁጥሩ እንደ ዕድሜውና እንደ ሕዝቡ ከፍ ዝቅ ይላል። ቢሆንም «አይቀርልሽም» ከሚለው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

አሁን ወደ ዘረ-መሉ እንምጣ። ሰው «የሉፐስ ዘረ-መል» ሲል አንድ የተበላሸ ነገር ያለ ይመስለዋል። የለም። እስካሁን ከሉፐስ ጋር የተያያዙ ከ100 በላይ የዘረ-መል ስፍራዎች ተለይተዋል። አብዛኞቹ ግን የሚጨምሩት አደጋ በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እጥፍ አይበልጥም። በዚያ ላይ ጤነኛ ሰዎችም ጭምር ይዘዋቸው ይዞራሉ። እኔም ጥቂቶቹ ሳይኖሩኝ አይቀሩም።

እነዚህ ሁሉ ስሞች ከተደረደሩ ማንንም ያደናግራሉ። ሥራቸው ሲታይ ግን በሦስት ቡድን ይጠቃለላሉ፤ ጠራጊዎች፣ ደዋዮችና ፍሬን ያዦች።

ጠራጊዎቹን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ሉፐስን ከእነሱ በኩል ስታዪው ነው የሚገባሽ። በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። የሞተ ሕዋስ ሆዱ ሲፈነዳ ዲኤንኤው ይፈሳል። ዲኤንኤ ቦታው ከሕዋሱ እምብርት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ተዘርግፎ ሲገኝ የመከላከያ ሥርዓታችን እንደ ቫይረስ ያየዋል። ስለዚህ ቶሎ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ይህን የሚሠሩት ኮምፕሊመንት የሚባሉ የደም ፕሮቲኖች ናቸው። ቆሻሻው ላይ ይለጠፉና «ይሄን ውሰዱት» ብለው ለበላተኛ ሕዋሳት ምልክት ይሰጣሉ።

አሁን ጠራጊው ባይኖርስ? ከኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች አንዱ ሲ-1-ኪው ይባላል። ይህን ፕሮቲን ጨርሶ የማያመርቱ፣ ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተበላሸ ቅጂ የወረሱ ሰዎች አሉ። ከእነሱ 90 ከመቶ ያህሉ ሉፐስ ወይም ሉፐስ መሰል በሽታ ይይዛቸዋል፣ ያውም ብዙዎቹን በልጅነታቸው። ሲ-4 የሚባለው ሌላ ኮምፕሊመንት ጨርሶ በሌላቸው ደግሞ ወደ 75 ከመቶ ይደርሳል። ዲኤንኤን ደም ውስጥ የሚቆራርጥ ኢንዛይም በጎደላቸው ቤተሰቦችም ሉፐስ ገና በልጅነት ሲመጣ ታይቷል። በዚህ በሽታ ውስጥ ከማውቃቸው ዘረ-መሎች ሁሉ የከፋ ጉልበት ያላቸው እነዚህ ናቸው። ግን እጅግ ብርቅ ናቸው። ከሉፐስ ታማሚዎች እንዲህ ያለ አንድ ከባድ ዘረ-መል ያለባቸው በጣም ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የቀረው ታማሚ ሁሉ የትናንሽ ነገሮች ክምር ነው፤ እህትሽም በአዋቂነት የታመመች ከሆነ እዚህ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም።

ሲ-4 ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ እኩል የሲ-4 ዘረ-መል ቅጂ የለውም። አንዱ ሁለት ይኖረዋል፣ ሌላው አራት፣ ሌላው ስድስት። በ2020 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው በዚህ ልዩነት ብቻ ሰውና ሰው ለሉፐስ ባላቸው ተጋላጭነት እስከ 7 እጥፍ ይለያያሉ። ብዙ ቅጂ ያለው ከሉፐስ የተሻለ ይጠበቃል። ታዲያ ብዙ ቅጂ ይብዛልን ትዪ ይሆናል። ከሉፐስ የሚጠብቀው ያው ልዩነት ስኪዞፍሬንያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለውን ተጋላጭነት ከፍ ያደርጋል። አንዱ ጋ ያዳነሽ ሌላው ጋ ያስከፍልሻል። «መጥፎ ዘር» የሚለውን አነጋገር የማልወደው ለዚህ ነው።

ደዋዮቹ ሁለተኛው ቡድን ናቸው። ቫይረስ የገባ ሲመስላቸው ኢንተርፌሮን የሚባለውን ማንቂያ ያስጮሃሉ። ቲኤልአር-7፣ አይአርኤፍ-5፣ ስታት-4 የሚባሉት እዚህ ናቸው። ሉፐስ ባለባቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ ይህ ማንቂያ ያለማቋረጥ ሲጮህ ይገኛል። ዛሬ አኒፍሮሉማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደ። የሚሠራው የዚህን ማንቂያ ጆሮ በመድፈን ነው። የዘረ-መል ጥናት ለታማሚ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው መንገድ ነው፣ ዕጣ ፈንታ በመተንበይ አይደለም።

ፍሬን ያዦቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የመከላከያ ሥርዓቱ ሥራውን ሲጨርስ «ይበቃል» የሚሉት ናቸው። ፍሬኑ ትንሽ ሲላላ ሰውነት በራሱ ላይ መዞሩ ይቀላል። ከእነሱ አንዱ ኤፍሲጂአር-2-ቢ ነው። ይህ ፍሬን የላላበት ልዩነት በአፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎች ዘንድ ይበዛል። ወባን ለመቋቋም ሳይረዳ አልቀረም ተብሎ ይታሰባል። አያቶቻችንን ያተረፈ ነገር የልጅ ልጆችን መገጣጠሚያ ያሳብጣል።

እዚህ ጋ አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ለምን ሴቶች? ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ ሁሉም ነገር በሆርሞን ላይ ይላከክ ነበር። ሆርሞን ድርሻ አለው፣ ግን ብቻውን አይደለም። ከወንዶች መካከል አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘረ-መል ጥቅል፣ ይዘው የሚወለዱ አሉ፤ ሁኔታው ክላይንፌልተር ይባላል። የወንድ ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም ወንዶች ናቸው። የሉፐስ አደጋቸው ግን ከሌላው ወንድ ወደ 14 እጥፍ ነው፣ የሴቷን ያህል ማለት ነው። ነገሩ ክሮሞዞሙ ራሱ ጋ አለ።

ሴት ሁለት ኤክስ አላት። እንዳይበዛባት በየሕዋሷ ውስጥ አንዱ ይዘጋል። መዘጋቱ ግን ሙሉ አይደለም። ከመዘጋት ከሚያመልጡት መካከል ያ ደዋይ ቲኤልአር-7 አለ። ስለዚህ አንዳንድ የሴት ሕዋሳት በእጥፍ ይደውላሉ። በ2022 አንድ ጥናት ይህን በሚገርም መንገድ አሳየ። በስፔን አንዲት ልጅ በ7 ዓመቷ ከባድ ሉፐስ እንዳለባት ታወቀ። ዘረ-መሏ ሲነበብ ቲኤልአር-7 ላይ አንድ ፊደል ብቻ ተለውጦ ተገኘ። ደዋዩ በትንሽ በትልቁ የሚጮህ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ ያቺኑ አንድ ፊደል አይጦች ላይ ሲለውጡ አይጦቹም ሉፐስ ያዛቸው። አንድ ፊደል! ይህንን ስነግርሽ ግን እህትሽ ጋ ያለው ይሄ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ለውጥ እጅግ ብርቅ ነው።

አሁን ወደ እህትሽ ኩላሊት። ጥያቄሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተጫነሽ ይሄ መሰለኝ።

ሉፐስ ኩላሊትን መንካቱ ያልተለመደ አይደለም። በመንገዳቸው ላይ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ታማሚዎች ያጋጥማቸዋል። ኩላሊት የደም ማጣሪያ ነው። አንቲቦዲ (የመከላከያ ሥርዓቱ ጠላት ያለውን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) እና የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ተጣብቀው ሲያልፉ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ፣ እዚያም እሳት ይነሳል። በወጣትነት ሉፐስ የያዘው ሰው፣ ወንድ ታማሚ፣ አፍሪካዊ ወይም እስያዊ የዘር ሐረግ ያለው ሰው ይህ ይበዛበታል። ከዘረ-መሎቹም አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ስታት-4 እና አይቲጋም የሚባሉት፣ ኩላሊት ከተነካባቸው ጋር ይበልጥ ይታያሉ። ብዙ የሉፐስ ዘረ-መሎች ተደምረው የተከማቹበት ሰውም በአማካይ ቀደም ብሎ ይታመማል፣ ኩላሊቱም የመነካት ዕድሉ ሰፋ ይላል።

ግን አንድ ነገር ለይተሽ ያዢልኝ። ለሉፐስ በር የሚከፍተው ዘረ-መል እና ሉፐስ ከገባ በኋላ ጉዳቱን የሚያከፋው ዘረ-መል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የዚህ ጥሩ ምሳሌ አፖል-1 ነው። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ሁለት ልዩነቶች አሉት፣ በዋናነት የምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኙ። የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ ስለሚገድሉ በዚያ አካባቢ በዙ። አንድ ቅጂ ያለው ሰው ይጠቀማል። ከእናትም ከአባትም የወረሰ፣ ሁለት ቅጂ ያለው ግን ለኩላሊት በሽታ ይጋለጣል። ከጥቁር አሜሪካውያን 13 ከመቶ ያህሉ ሁለት ቅጂ አላቸው። ይህ ነገር በ2010 ነው የታወቀው። ኋላ ላይ ሉፐስ ኩላሊታቸውን የነካባቸው ሰዎች ሲጠኑ፣ ሁለቱ ቅጂ ያላቸው ኩላሊታቸው ጨርሶ የመድከም ዕድሉ ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ያውም ቀድሞ። አፖል-1 ሉፐስን አልጠራም። እሳቱ ከተነሳ በኋላ ግን ቤቱ ቶሎ እንዲነድ አደረገ።

«አፍሪካዊ» ሲባል ሁሉም አንድ እንዳይመስልሽ ደግሞ። አህጉሪቱ ውስጥ ያለው የዘረ-መል ልዩነት ከየትኛውም አህጉር ይበልጣል። አፖል-1 በአንዱ አካባቢ በዝቶ በሌላው እምብዛም የለም። ስለዚህ በቆዳ ቀለም ብቻ ተነስቶ «ያንቺ ኩላሊት እንዲህ ይሆናል» ብሎ መናገር ሐኪምነት አይደለም።

ታዲያ ዘሩ ይሄ ከሆነ የእህትሽን ኩላሊት የሚወስነው ምንድን ነው? በእኔ እይታ ከሁሉም በላይ ሁለት ነገር ነው። ቶሎ መታወቁ እና መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መወሰዱ። የኩላሊት ሉፐስ ሲጀምር አያምም። ይሄ ነው ተንኮሉ። ሰውዬው ደህና ነኝ ይላል፣ ሽንቱ ውስጥ ግን ፕሮቲን እየፈሰሰ ነው። ለማወቅ የሚያስፈልገው የሽንት ምርመራ ነው። ዓይነቱንና ክብደቱን የሚለየው ደግሞ ከኩላሊቱ የሚወሰደው ናሙና እንጂ የዘረ-መል ውጤት አይደለም። የደም ግፊትንም በደንብ መቆጣጠር አለባት። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሚባለው የሉፐስ መድኃኒት የታዘዘላት ከሆነ «አሁን ተሽሎኛል» ብላ እንዳታቆም። ሲያቆሙ ነው ተኝቶ የነበረው ሲነሳ የማየው።

እንደሷ እሆናለሁ ወይ ላልሽው፣ ምናልባት ሉፐስ ቢይዝሽ እንኳ የሷን መንገድ ትከተያለሽ የሚል ሕግ የለም። በአንድ ቤት ሁለት እህትማማቾች ታመው የአንዷ ቆዳና መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ሲቀር የሌላዋ ኩላሊት ይነካል።

ወደዚያች ወረቀት እንመለስ። ኤ.ኤን.ኤ 1፡80። ምርመራው የሚፈልገው የራሳችንን የሕዋስ እምብርት የሚያጠቃ አንቲቦዲ ነው። በእውነቱ እኔ ብሆን ገና ከመጀመሪያው ምንም ሳያምሽ ባላዘዝኩት። ግን አንዴ ተሠርቷል፣ እንተርጉመው። 1፡80 ማለት ደምሽ 80 ጊዜ ተበርዞ ምልክቱ ገና ይታያል ማለት ነው። ዝቅተኛ መጠን ነው። በ1997 በወጣ የታወቀ ጥናት ከጤነኛ ሰዎች 13 ከመቶ ያህሉ በዚህ መጠን ፖዘቲቭ ሆነዋል። በ1፡40 ደግሞ ወደ 32 ከመቶ ደርሰዋል፣ ከሦስት ሰው አንዱ! የሉፐስ ታማሚ ዘመዶች ላይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይገኛል፣ ሳይታመሙ። በ2019 በወጣው የሉፐስ መመደቢያ መስፈርትም 1፡80 የመግቢያ በር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በምልክትና በሌሎች ምርመራዎች ቢያንስ 10 ነጥብ መሰብሰብ አለበት። ምንም ምልክት የሌለው ሰው በሩ ላይ ቆሟል እንጂ አልገባም።

ሳትደብቅ ስላልሽ ሌላውንም ገጽ ልንገርሽ። በ2003 የወጣ ጥናት አለ። የአሜሪካ ወታደሮች ደም ለዓመታት ተቀምጦ ስለነበር፣ ኋላ ላይ ሉፐስ የያዛቸው 130 ሰዎች ናሙና ወደ ኋላ ተመልሶ ታየ። 88 ከመቶ የሚሆኑት በሽታው ከመታወቁ በፊት ቢያንስ አንድ አንቲቦዲ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹ ከ9 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ። ይህንን ያነበበ ሰው ይደነግጣል። ግን ነገሩን ገልብጠሽ አታንብቢው። የታመሙት ሰዎች ቀድሞ አንቲቦዲ ነበራቸው ማለት፣ አንቲቦዲ ያለው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

የዘረ-መል ምርመራውስ? ላንቺ አልመክርም። ምንም ቢወጣ የማደርግልሽን ነገር አይለውጥም። «ከፍ ያለ» ቢል ምን ልሰጥሽ ነው? ጭንቀት ብቻ። «ዝቅ ያለ» ቢል ደግሞ ነገ ሽንትሽ አረፋ ሲይዝ «እኔ ነፃ ነኝ» ብለሽ ችላ ትያለሽ። ይሄ ይብሳል። በዚያ ላይ ዘረ-መሎችን ደምረው አደጋን በነጥብ የሚገልጹት ስሌቶች በብዛት የተሠሩት ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ ሰዎች መረጃ ነው። ለሌላው ሕዝብ ሲሆን ልኩ ይዛባል። ምራቅ ተቀብለው የወደፊት በሽታሽን እንነግርሻለን የሚሉትን ደግሞ ባታስቢያቸው ደስ ይለኛል።

የዘረ-መል ምርመራ ቦታ የለውም ግን አላልኩም። ሉፐስ ገና በጨቅላነቱ፣ ለምሳሌ ከ5 ዓመት በታች ለያዘው ልጅ፣ በተለይ ወላጆቹ የሥጋ ዘመዳሞች ከሆኑ ወይም ወንድምና እህቶቹም በልጅነታቸው ከታመሙ፣ እኔም ቶሎ ነው የምልከው። እዚያ አንድ ከባድ ዘረ-መል የመገኘት ዕድል አለ፣ ሕክምናውንም ሊለውጥ ይችላል።

ለእህትሽ የሚጠቅም አንድ የዘረ-መል ምርመራም አለ፤ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ መድኃኒቱ። አዛታዮፕሪን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ለሉፐስ ይታዘዛል። እሱን ከሰውነት የሚያስወግዱት ኢንዛይሞች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ቲፒኤምቲ እና ኑድት-15 ይባላሉ። ኢንዛይሙ ጨርሶ የማይሠራለት ሰው በተለመደው መጠን ሲወስድ መቅኔው ይመታል፣ የደም ሕዋሳቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳሉ። ከመጀመሯ በፊት ይህ መታየት ይችል እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ። ምርመራው ከሌለ ደግሞ በትንሽ መጠን ጀምሮ የደም ቆጠራን ቶሎ ቶሎ ማየት ነው።

ስለ ጋብቻሽና ስለ ልጅ። አግቢ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሠርግሽን የሚያስቆም ምንም የለም። አንቺ ጤነኛ ከሆንሽ ልጅሽ ለእህትሽ የእህት ልጅ ነው፣ ዝምድናው አንድ እርምጃ ይርቃል፣ አደጋውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የእህትሽ የራሷ ልጆች እንኳ አብዛኞቹ ሉፐስ አይዛቸውም።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚያደባልቁት ነገር አለ። «የጨቅላ ሉፐስ» የሚባል አለ፣ ስሙ ብቻ ነው ሉፐስ። የሚመጣው በዘረ-መል ሳይሆን አንቲ-ሮ የሚባል አንቲቦዲ ከእናት ወደ ፅንስ በእንግዴ ልጅ በኩል ሲሻገር ነው። ሕፃኑ ሽፍታ ቢወጣበት የእናቱ አንቲቦዲ ከደሙ ሲያልቅ፣ በስድስት ስምንት ወር ውስጥ፣ ይጠፋል። አሳሳቢው ልብ ላይ ሲሆን ነው። አንቲ-ሮ ካላቸው እናቶች ከ100 በ2 ያህሉ እርግዝና የፅንሱ የልብ ምት መስመር ሊዘጋ ይችላል፣ ያ አይመለስም። ይህ አንቲቦዲ ራሳቸው ምንም በማያማቸው ሴቶች ላይም ይገኛል። ስለዚህ ልጅ ስታስቡ አንቲ-ሮን አንድ ጊዜ መመርመሩን አልቃወምም። ከዘረ-መል ምርመራው ይልቅ ይሄኛው ሊደረግበት የሚችል ነገር አለው። ቢገኝ የፅንሱ ልብ በእርግዝናው መካከል በቅርብ ይታያል።

እህትሽ ራሷ መውለድ ካሰበች ግን ዝም ብላ እንዳትጀምር። ኩላሊቷ ቢያንስ ስድስት ወር የተረጋጋ መሆን አለበት። ማይኮፌኖሌት የሚባለውን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለፅንስ አደገኛ ነውና በሐኪሟ በኩል አስቀድሞ በሌላ መለወጥ አለበት።

ዘርሽን መለወጥ አትችዪም። ከዘር ውጪ ያለው ላይ ግን ትንሽ እጅ አለሽ። ሲጋራ አታጭሺ፣ አጠገብሽም አይጨስ። ሲጋራ የሉፐስን አደጋ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ሽፋን አይጎዳም፤ ከቤት አትውጪ ግን አልልሽም። በድንጋይ ፈጪና በመስታወት ሥራ ላይ ያለው የሲሊካ አቧራም ይጠቀሳል፣ ሥራሽ ከዚያ ጋር ካልተገናኘ እርሺው። ቫይረሶችም ይጠረጠራሉ፣ በተለይ ኢቢቪ የሚባለው። እሱን ግን ሁላችንም ማለት ይቻላል በልጅነት ይዞን አልፏል። ምን እናደርገዋለን?

ይልቅስ ምልክቶቹን እወቂያቸው። ጠዋት ጠዋት የሚተሳሰርና የሚያብጥ መገጣጠሚያ። ፀሐይ ከነካሽ በኋላ ጉንጭና አፍንጫ ላይ የሚወጣ ሽፍታ። ደጋግሞ የሚመጣ የአፍ ቁስል። ትንፋሽ ስትወስጂ የሚወጋ ደረት። በብርድ የሚነጡና የሚጠቁሩ ጣቶች። እግር ማበጥ፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት። አንዱ ቢታይ ሉፐስ ነው ማለት አይደለም፣ ፀጉር ስለረገፈም አትሸበሪ። ሁለት ሦስቱ ተደርበው ሳምንታት ከቆዩ ግን ወደ ሐኪም ነው።

አሁን ደግሞ አንዴ ብቻ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ፣ ሽንትሽን አስመርምሪ፣ የደም ቆጠራና የኩላሊት ምርመራ አድርጊ። ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ የእህትሽንም ታሪክ ንገሪያቸው። ሁሉም ደህና ከሆነ በዚያው ይብቃ። ኤ.ኤን.ኤውን እንድገምልሽ ካሉሽ ግን አይሆንም በያቸው። ነገ 1፡160 ቢወጣ ወይም ኔጌቲቭ ቢሆን፣ ምልክት እስከሌለሽ ድረስ የሚለወጥ ነገር የለም።